አባቴ አንድ በአንድ ስለቆጠራቸው ቢጫ ነጥቦች

ለተከበሩ አቶ ገበያው
የሸማኔዎች ንድፍ ማዘመኛ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ወረታ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ፣ በተለይም ዓይንዎ እንደምን እንደሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ፍሬህይወት፣ የቁሐር ሚካኤሉ ሸማኔ የአቶ አያልነህ ልጅ፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም በመጻፍ የምተዳደር ስሆን፣ ጽሕፈት ቤትዎ ለአባቴ የዋለለትን ውለታ በአደባባይ ለማመስገን ይህን ጻፍኩ።

፩. ለኤግዚቢሽን የሚቀርብ ጋቢ በእርስዎ አንደበት አዝዛችሁ፣ የጥለቱን ንድፍ በኮምፒውተር አዘጋጅታችሁ በወረቀት ስለሰጣችሁት እናመሰግናለን። አባቴ አርባ ዓመት ሙሉ ጥለት የሚያወጣው ከራሱ ነበርና፣ ኋላ ቀርነቱን ያወቀው በእናንተ ነው።

፪. ጥለቱ አንድ ወጥ ለምለም አረንጓዴ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ፕሮግራማችሁ ግን ምስሉን የሚያስቀምጠው በስምንት ቀለም ብቻ ስለሆነና ለምለሙ አረንጓዴ ከስምንቱ ስላልነበረ፣ እሱን ለማስመሰል በጥቁር አረንጓዴ ላይ ቢጫ ነጥቦች በተነበት። ከራቅ ብሎ ለሚያይ ያምራል። አባቴ ግን ሸማኔ ነውና ንድፍ የሚያየው ክር በክር ቆጥሮ ነው። እያንዳንዷን ነጥብ የጽሕፈት ቤቱ ትእዛዝ ናት ብሎ በአንዲት ቢጫ ክር እየተካ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ከሽመና ጉድጓዱ ሳይወጣ ሠራት። እናቴ ወይዘሮ ትሁን፣ ዓይንህን አሳርፈው እያለች ብትለምነው፣ የመንግሥት ንድፍ አይጓደልም አላት። ቀድሞም የደከመው የዓይኑ ብርሃን በዚያው ጠፋ።

፫. ባለሙያዎቻችሁ ጋቢውን ሲረከቡ ጥለቱ ተዥጎርጉሯል ብለው ስለመለሱት፣ የዓይናቸውን ጥራት አደንቃለሁ። ወረቀቱን ሲሰጡት ያ ዓይን የት እንደነበር ግን አላውቅም።

ወደ ቤት መጥቼ ወረቀቱን ሳይ ጥፋቱን ወዲያው አወቅኩት፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ለፕሮግራሙ በሸማኔው እጅ ያሉትን የክር ቀለሞች ዘርዝሮ መስጠት፣ ነጥብ መበተኑንም እንዲተው ማዘዝ ብቻ ይበቃ ነበር፤ ሁለት መስመር ነው። አስተካክዬ ባመጣላችሁ በደብዳቤ ይቅረብ ተባልኩ። አቀረብኩ፤ እነሆ አምስት ወር ሆነው። በዚህ መካከል ያው ነጠብጣብ ወረቀት ለይፋጉ ሸማኔ ለአቶ ደሳለው ተሰጥቷል፤ እሳቸውም መቁጠር ጀምረዋል። የእሳቸው ዓይን ገና ደህና ነውና፣ ስለ እግዚአብሔር ብለው ሁለቱን መስመሮች ያስገቡልን።

ለሚያሳዩን ትዕግሥት፣ በተለይም በሰው ዓይን ላይ ለሚያሳዩት ትዕግሥት፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ

ፍሬህይወት አያልነህ
ከቁሐር ሚካኤል

ማስታወሻ፦ አባቴ ጋቢውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ የቱ ጋ እንደተሳሳተ ለማግኘት ጎላ ጎላ ያሉትን ክሮች በጣቱ እየዳሰሰ ሲቆጥር ይውላል። ከወረቀታችሁ ጋር አመሳክሬዋለሁ፤ አንዲት ነጥብ አልሳተም። ይህን ብነግረው ልጄ ልታጽናናኝ ነው ብሎ አላመነኝም። ስለዚህ እርስዎ ራስዎ መጥተው ይንገሩት፤ ድምፅዎን ሲሰማ ያውቅዎታል።