ሳላስበው ያጎነበስሁለት ሰው

ካርቱም፣ እሑድ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.

እዚህ አገር እሑድ የሥራ ቀን ነው። የዳቦ ቤቱን ጌታ ታምሜአለሁ ብዬ ዋሽቼ ለኅዳር ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ከደባርቅ ከወጣሁ ወዲህ ሳስቀድስ ይህ ሦስተኛዬ ነው።

ከወንዶቹ መካከል ቆሜ ዘወር ስል፣ አጠገቤ ያ የዳባቱ የቀበሌ ሊቀ መንበር ቆሟል። እዚያው ዳባት ይኖር የነበረውን ታላቅ ወንድሜን ካልጋው አስነሥቶ ለወታደር ያስረከበው ሰው፣ ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ። ያኔ የሚጾመውን ሁሉ አድኃሪ ይል ነበር። ዛሬ እሱም ተሰዷል።

ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ እጅ ተነሣሡ ሲል እንደ ግንድ ደርቄ ልቆም ወሰንሁ። ግን ትናንት ቢንቢ የነከሰኝ ቁርጭምጭሚቴ አሳከከኝና ጎንበስ ብዬ አከክሁት። ቀና ስል ሰውዬው ግንባሩ ጉልበቱን ሊነካ እስኪቀርብ አጎንብሶልኛል።

ሲያልቅ በር ላይ ጠብቆ ያዘኝ። «ወንድምዓለም፣ አንተ እጅ ከነሣኸኝ እንግዲህ ብሞትም አይቆጨኝም» አለኝ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል። ጫማዬን አጥልቄ መንገዴን ቀጠልሁ።

አሁን ግን እርር ብያለሁ። ወንድሜ መቃብር እንኳ የለውም፤ ይሄ ሰው ይቅርታዬን እንዲያው በነጻ ይዞ ሄደ። የሚመጣው እሑድ እንደገና ታምሜ አጠገቡ እቆማለሁ። ጎንበስ ሲልልኝ፣ «እኔ እግሬን ነው ያከክሁት» እለዋለሁ። ደስታው ፊቱ ላይ ሲደርቅ ቆሜ አየዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ከሐሳቤ አልወጣልኝም። ያ እግሬ ከትናንት ጀምሮ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላሳከከኝም ነበር። ከዚያ ወዲያም አላሳከከኝም።