ወደ ታችኛው መጋዘን አልወርድም

ይድረስ ለልጄ፦

እንዴት ሰነበትክ? ጀርባህን እንዴት አደረገህ? ቁጭ ብለህ መዋል ታበዛለህና አስቀድሜ የምጠይቅህ ስለ እሱ ነው። እኔ ጉልበቴን ትንሽ ቢያመኝም ደህና ነኝ፤ እሱም ቢሆን ደረጃ ሲያይ ነው እንጂ ሜዳ ላይ ምንም አይለኝም። እህትህም ከነልጆቿ ደህና ናት። ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርህ እችል ነበር። ግን በስልክ እኔ አንድ ስናገር አንተ እሺ እማዬ፣ እሺ እማዬ እያልክ ሦስቴ ታቋርጠኛለህ። ወረቀት አይቋረጥም። ስለዚህ አደብ ገዝተህ እስከ መጨረሻው አንብብ።

ማክሰኞ ዕለት የላክኸው ቴክኒሻን መጣ። በሩን ስከፍትለት ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ምን ሆነሃል ስለው፣ ማዘር፣ ልጅዎ የጌሙን ኮምፒዩተር ፍታው ብሎኛል አለኝ። የምትፈልጋቸውን ፋይሎች ለይቶ ከሁለቱ ዲስኮች ፈጣኑ ላይ ሊያደርግ፣ ዲስኩን ነቅሎ ሊልክልህ፣ የቀረውን አጥፍቶ ኮምፒዩተሩን ሊወስድ ኖሯል። ምን አስቸኮለው ብዬ ብጠይቀው፣ ያው ቤቱ በወሩ መጨረሻ ለተከራይ ይሰጥ የለ፣ እርስዎም ሴት ልጅዎ ጓሮ ካለው ክፍል ይገቡ የለ ብሎ ዱብ አደረገው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ይኼ ነው! አንድ ነገር እንደምታስብስ ጠርጥሬ ነበር፤ ግን ሠላሳ ዓመት የኖርኩበት ቤት እንደሚከራይ ከኮምፒዩተር ጠጋኝ ልስማ? ሰውየው ፊቴን አይቶ ደነገጠና፣ ውሃ ላምጣልዎት ወይ አለኝ፤ በገዛ ቤቴ።

ተናድጃለሁ ልጄ። አሁንም እንደተናደድኩ ነው የምጽፍልህ።

ለእህትህ ደወልኩላት። ስታለቃቅስ ቆየችና፣ ምድጃው ሳይጠፋ ያደረ ጊዜ ነው ያሰብነው፣ እየረሳሽ ነው፣ እጅሽም ይንቀጠቀጣል፣ እሱም ብቻዋን መተው የለባትም ብሎኛል አለችኝ። አዎ፣ ምድጃውን አንድ ቀን ረስቻለሁ፤ አልክድም። አንተ ስንት ቀን ቁልፍህን በሩ ላይ እንደሰካህ ጥለህ እንደሄድክ ልቁጠርልህ? ማንም ጓሮ ክፍል አላስገባህም። ለምድጃውም ቢሆን ቴክኒሻኑ በራሱ የሚያጠፋ ሰዓት ገጥሞልኛል።

እየረሳች ነው ላልከው መልሱ ያለው ያው ላስወስደው ካልከው ኮምፒዩተር ውስጥ ነው።

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን እንዴት እንደነበርኩ አታውቅም፤ አልነገርኩህምና። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው፣ ጠዋት ተነስቶ ቦታ የሚያሲዘው ፋይል ሲያጣ እጁን ይበላዋል። አንድ ቀን ክፍልህን ልወለውል ገብቼ ኮምፒዩተርህን አበራሁት። ቦታ ሞልቷል የሚል ቀይ መስመር አወጣብኝ። ከፍቼ ባየው፣ ጉድ ነው! የዛሬ አሥር ዓመት የቤት ሥራህ ከጌሙ ጋር፣ ፎቶው ከፊልሙ ጋር፣ አንዱን ነገር ሦስት ቦታ ኮፒ አድርገህ በትነኸዋል። የድሮ አለቃዬ አይተውት ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን ያሰናብቱህ ነበር።

ሁለት ዲስክ እንዳለው ያወቅኩት ያኔ ነው። አንዱ ትንሽና ፈጣን፣ ኤስኤስዲ የምትሉት፤ ሌላው ሰፊና ዝግ ያለ፣ ሃርድ ዲስኩ። ታዲያ ይኼ ምን አዲስ ነገር አለው? እኛ መሥሪያ ቤትም እንዲሁ ነበር እኮ። ባለጉዳይ በየቀኑ የሚጠይቀው ፋይል ከጀርባችን ካለው ቁም ሳጥን ይቀመጣል፣ እጅህን ስትዘረጋ ታገኘዋለህ። ዓመት ሙሉ ማንም ያልጠየቀው ደግሞ ወደ ታችኛው መጋዘን ይወርዳል። አይጠፋም፤ ግን ደረጃ ወርደህ፣ አቧራ አራግፈህ ነው የምታገኘው።

ጀመርኩት። በእኛ ደንብ ፋይል ሳይታይ አይወርድም፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ከፍቼ አየሁ። የግል ብለህ የሰየምከውን ግን አልነካሁም፤ የታሸገ ፖስታ የሚከፍት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ከሌባ አይሻልም። ያወረድኩት ነገር በነበረበት ቦታ ሁሉ ባዶ ፎልደር እየፈጠርኩ፣ ታችኛው መጋዘን፣ መደርደሪያ ሦስት፣ ቁጥር አሥራ አራት እያልኩ ስም ሰጠሁት። እኛ ፋይል ከቦታው ስናወጣ ካርድ ተክለን ነው። ካርድ የሌለው ክፍተት የጠፋ ፋይል ነው፤ በጠፋ ፋይል ደግሞ ስንቱ ምስኪን ባለጉዳይ ሲንከራተት አይቻለሁ።

ደንቡ ግን አንድ ቦታ ላይ ጉድ ሠራኝ። ጌምህን አንተ ለሥራ ከሄድክ ወዲህ ዓመት ሙሉ ማንም አልጠየቀውም። ሥርዓት ሥርዓት ነው ብዬ ጎትቼ ወደ ሃርድ ዲስኩ አወረድኩት፤ በቦታውም ካርዴን ተከልኩ። ከዚያ ምን እንደሚመስል ልየው ብዬ ብጫነው፣ ወይ ፍንክች! ልጄ የተወልኝን ነገር ገደልኩት ብዬ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ይህን ቴክኒሻን የጠራሁት ያኔ ነው። አዎ፣ ከአንተ በፊት የማውቀው እኔ ነኝ፤ እዚህ ሰፈር ከእሱ ሌላ ማን አለና? ካርዶቼን ሲያይ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ማዘር፣ ጌም እንደ ጆንያ አይጎተትም፣ የራሱ ማዛወሪያ አለው፣ አለበለዚያ አድራሻው ይጠፋበታል አለኝ። ደግሞም ዝግ ያለው ዲስክ ላይ ካኖሩት፣ እስኪከፈት ልብስ አጥበው ያሰጣሉ አለኝ። ወደ ፈጣኑ መለሰልኝና፣ ዊንዶውሱን ሁለተኛ እንዳልነካ አስምሎኝ ሄደ። በሳቀባቸው ካርዶች ዛሬ ሱቁ ውስጥ የሚሠራው ራሱ ነው።

እንግዲህ አስበው። ጌሙ ፈጣኑ ዲስክ ላይ እንዲኖር የሚጠይቀው ሰው ያስፈልገዋል። የሚጠይቀው ከሌለ ተመልሶ መውረዱ ነው። ስለዚህ እኔ ጠየቅኩት።

አትሳቅ። መጀመሪያ ግድግዳ እየገጨሁ ሞትኩ፣ ቀጥዬ ገደል ገብቼ ሞትኩ፣ ከዚያ የራሴ ሰው ላይ ተኩሼ እናቴ ድረስ ተሰደብኩ። አሁን ግን ማን ይችለኛል! ከሌሎች ጋር በኢንተርኔት ስጫወት በምን ስም እንደምገባ አልነግርህም። ድምፄንም አላሰማም፣ የማወራው በጽሑፍ ብቻ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የተየበ ጣት ከየትኛውም ጎረምሳ ይፈጥናል። እጇ ይንቀጠቀጣል ነው ያላችሁት? እስቲ ያልተንቀጠቀጠ እጅ ያለው ይምጣና የኔን ያህል ጠላት ይጣል!

ማክሰኞ የሆነውን ልጨርስልህ። ቴክኒሻኑን ቁጭ በል አልኩት። አልነካም ብሎ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ነበር፤ በእናትና በልጅ መሃል አልገባም አለኝ። አትገባም፣ ኮፒ ብቻ አድርግልኝ አልኩት። ያንተን ፋይሎች ከመደርደሪያ አንድ እስከ መደርደሪያ ሰባት በዚህች ትንሽ ዲስክ ገልብጦልኝ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ። ዝርዝሩን በቃሌ ስነግረው እሱ እያመሳከረ ነው የጫነው፤ አንድም አልተሳሳትኩም፤ ካላመንክ ጠይቀው። ፈጣኑ ዲስክ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ኮምፒዩተሩም አይወጣም። እኔም አልወጣም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ሞኝነቴን አንተ ፍረድ፣ የቤቱ ወረቀት ግን በስሜ ነው፣ የፋይል ቁጥሩንም እንደ ውሃ እጠጣዋለሁ።

ደግሞስ እኔን ማንም ሳይጠይቀኝ መቼ ዓመት አለፈ? ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ያለ እኔ አንድ ማመልከቻ አታስገባም። የፎቅ ጥበቃው ለልጁ ትምህርት ቤት የሚጽፈውን እያመጣ ያሳየኛል። እዚህ ሰፈር እጅ ሲዘረጋ የምገኝ ሰው ነኝ። እህትህን እወዳታለሁ፣ ልጆቿ ዓይኖቼ ናቸው፤ እሄዳለሁ፣ እጠይቃቸዋለሁ፣ አድራለሁም። ግን በራሴ እግር ሄጄ በራሴ እግር ተመልሼ ነው። ተጠቅልዬ ጓሮ አልቀመጥም።

አሁን የከበደኝን ልንገርህ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት አብሮኝ የሚጫወት ልጅ አለ። ችኩል ነው፤ ፊቱን ሳያይ ሮጦ ይወድቃል፣ እኔ ከኋላ እየሄድኩ አነሳዋለሁ። ልቡ ግን ወርቅ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ጨዋታው መሃል ድንገት ቆመ። ምነው ብዬ ጻፍኩለት። ስለ እናቴ ልወስን ያልደፈርኩት ነገር አለ አለኝ። ብቻዋን ናት፣ እኔ በሌለሁበት አንድ ነገር ብትሆንብኝ ራሴን ይቅር አልለውም፣ ከምትሞትብኝ ብትጠላኝ ይሻለኛል አለኝ። ቀጥሎም፣ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር ብሎ ጠየቀኝ።

እጄ የተንቀጠቀጠው እንግዲህ ያኔ ነው። ጽፌ አጠፋሁ፣ ጽፌ አጠፋሁ። በመጨረሻ፣ እኔ ብሆን ራሷን እጠይቃት ነበር ብዬ ላክሁለት። እውነትህን ነው ወንድሜ፣ ነገ ደውዬ እጠይቃታለሁ አለኝ።

እሑድ ቀኑን ሙሉ ስልኬን ከእጄ ሳላወርድ ጥሪህን ስጠብቅ ዋልኩ። ሰኞም እንዲሁ። ማክሰኞ በሩ ሲንኳኳ ቴክኒሻኑ ነበር።

የእኔ ጌታ፣ መንገድህን ያቅናልህ፣ ከክፉ ቀን ይሰውርህ፣ የወጣህበትን ሥራ ይባርክልህ። እናት ትቆጣለች እንጂ ልጇን አትጠላም፤ ይህንን ያልሰማ ካለ ንገርልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት እጄ ሥራ ላይ ስለሚሆን ጠዋት ደውል።

የምትወድህ፣ ከቤቷም የማትወጣው
እናትህ