በሕዝቅያስ ክርስትና ያልታረደው በግ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ለአቶ ጓንጉል፤

ለመሆኑ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የሐምሌው ብርድ አልጠናብዎትም ወይ? እማዬስ፣ በጎቹስ፣ ማሳውስ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር አንዳች አልጎደለብኝም። የመመረቂያ ፈተናዬን ማለፌን በስልክ ሰምተዋል። ነገሩ ከነአመጣጡ ግን በስልክ የሚያልቅ አይደለም፤ አቶ ዓለምሰገድ የሚባሉ ነጋዴ ወደ አገር ቤት ስለሚመጡ በእሳቸው እጅ ልላክልዎት ብዬ ነው። አባዬ፣ እፎይ ብያለሁ። እንቅልፌም ተመልሷል።

“በግ ሳታረቢ የበግ ትምህርት” እያሉ ስቀውብኝ ነበር። እውነትዎን ነው፣ እኔ የማየው በጉን ሳይሆን ወረቀቱን ነው። በአገራችን ስለ በግና ፍየል የተጻፈውን ምርምር ሁሉ ሰብስቤ፣ ሊቃውንቱ በየዘመኑ ምን እንዳጠኑ ማሳየት ነበር ሥራዬ። ቀድሞ ሩጫው የውጭ አውራ አምጥቶ ማዳቀል ላይ ነበር፤ ቀጥሎ በሽታውና መኖው መጣ፤ ኋላ ደግሞ ገበሬው ከገዛ መንጋው አውራ መርጦ እንዲያራባ ማድረጉ። ፍየልማ እንደ እንጀራ ልጅ ናት፣ ከበግ የተረፈውን ነው የምታገኝ። ይህን ለእትዬ ውዴ ብነግራት፣ “ናይሮቢ ብትመጣ ንግሥት ትሆን ነበር፤ እዚህ ሰው ከፍየል ጥብስ ሌላ መች ያውቃል” ብላ አሳቀችኝ። እትዬ ውዴ ሁርሊንግሃም ምግብ ቤት ያላት፣ እንደ እህት ያስጠጋችኝ ሴት ናት።

ጥናቴ ሊያልቅ ሲል ያገኘሁት ውጤት ግን ቅር አሰኘኝ። ጽሑፎቹን በየዓመታቸው ደርድሬ በመስመር ስስላቸው፣ የገበሬው አውራ መምረጥ ድሮ ደምቆ በቅርቡ የከሰመ ሆኖ ታየኝ፤ አገር ሞክሮ የተወው ነገር መሰለ። ፈተናው ደግሞ ደርሷል። ብወድቅ የመኖሪያ ፈቃዴ ያበቃል፣ አገር ቤት የሚጠብቀኝ የሥራ ቦታም ለሌላ ይሰጣል። ልቤ ሳያምን ያንኑ ይዤ ልቀርብ ነበር።

የመጨረሻውን እርማት ሳደርግ ከእኛው ቀበሌ የተጻፈ ዘገባ ዓይኔ ገባ። በ2008 ገበሬዎቹ ለዘር የመረጡትን አውራ ላለመሸጥና ላለማረድ ተስማሙ ይላል። እንዴት እረሳዋለሁ! ታናሽ ወንድሜ ሕዝቅያስ ተወልዶ ክርስትና የተነሣበት ዓመት ነው። እኛ ዘንድ የፋፋው ጠቦት ለበዓል ይሄዳል፣ ለዘር የሚቀረው ኮስማናው ነው፤ እርስዎ ግን ቃሌን አላጥፍም ብለው ያን ዳለቻ አውራ አላሳርድም አሉ። መካኗ አሮጊት በግ ታረደችና እንግዳው ሁሉ ሲያኝክ ዋለ። አጎቴ ሚዛን “ለልጅ ክርስትና የተሰሰተ በግ ለማን ሊሆን ነው” ብሎ ድግሱን ጥሎ ሄደ፤ እማዬም ከወንድሜ አጣላኸኝ ብላ አኮረፈች። ታዲያ እኔ በሣልኩት መስመር ላይ ያ ዘገባ የተቀመጠው ሕዝቅያስ ከመወለዱ ስምንት ዓመት ቀድሞ ነው! ለካ በእንግሊዝኛ የተጻፉትን በፈረንጅ ዘመን፣ በአማርኛ የተጻፉትን በእኛው ዘመን እንዳሉ አንድ ላይ ደርድሬያቸው ኖሯል። የቅርቡ ሥራ አብዛኛው በአማርኛ የተጻፈ ስለሆነ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሸሽቶ ነው የከሰመ የመሰለው።

አማካሪዬ ዶክተር ሱፍዋን የሞምባሳ ሰው ናቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስፈራ፣ ፈታኞቹ ሳያገኙት አንቺ አገኘሽው፣ በይ ቶሎ አስተካክይ አሉኝ። ሳስተካክለው መስመሩ ሽቅብ ወጣ፤ አውራ መምረጡ ለካ እየበረታ እንጂ እየከሰመ አልነበረም።

በፈተናው ዕለት ጊጊሪ በሚባለው ሰፈር ካሉት ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤቶች የመጡ ወይዘሮ ሙርሺዳ የሚባሉ ፈታኝ፣ ለዚህ ሥራ ከውጭ ይመጣ የነበረው እርዳታ ሲቋረጥ ገበሬው አውራ መምረጡን ለምን አልተወውም ብለው ጠየቁኝ። ያነበብኩት ሁሉ ከራሴ ብን ብሎ ጠፋ። የመጣልኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። አባቴ በዘመድ ፊት ስስታም ተብሎ ያቆየው አውራ ልጆች ዛሬ የጎረቤቱን በረት ሁሉ ሞልተዋል፣ ታዲያ ማን ይተወዋል አልኳቸው። ሴትየዋ ፈገግ ብለው ሌላ ጥያቄ የለኝም አሉ። ስመለስ ማታቱ በሚሉት የዚህ አገር ታክሲ ውስጥ እንባዬ አላቆም ቢል፣ ረዳቱ ሰው የሞተብኝ መስሎት “ፖሌ ሳና፣ ሲስተር”፣ አይዞሽ እህቴ ማለቱ ነው፣ እያለ ሲያጽናናኝ መጣ። በእርስዎ ኮርቻለሁ፣ አባዬ።

ለአጎቴ ሚዛንና ለቤተሰቡ ሰላምታዬ በብዙ ይድረስ። ለሕዝቅያስ ጫማ ስለምገዛ እግሩን በክር ለክተው ይላኩልኝ። እናንተን ለሚጠይቁ ጎረቤቶች ሁሉ እጅ ነሥቻለሁ በሉልኝ። ለእማዬ ግን ይህችን ጮክ ብለው ያንብቡላት፦ እማዬ፣ የሄድኩበትን ጨርሻለሁ፤ የሥራ ቦታዬም ጠብቆኛል። ለመስከረም ቤቴ እገባለሁ። ከእንግዲህ ድምፄን ለመስማት ኔትወርክ ፍለጋ ያን ጉብታ አትውጪ፤ አጠገብሽ ተቀምጬ አወራሻለሁ።

ልጅዎ ምርቃት ጓንጉል
ናይሮቢ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.