ከኅዳር ሚካኤል በፊት መነሣት ያለበት ጽሑፍ

ይድረስ ለእታለም ለሰብሌ ምስጋኑ፤ ካለሽበት ከቤሩት።

ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ወገብሽስ? ያ ብርድ ሲነካሽ የሚነሣብሽ ሕመም ዘንድሮ ተወሽ ወይስ አሁንም በነጠላ ጠፍረሽው ነው ደረጃ የምታጥቢው? እመቤትሽ እሁዱን ሳትቀማሽ ትለቅሻለች? እህል ይበላልሻል? ይህን ሁሉ የምጠይቅሽ ለወጉ እንዳይመስልሽ፤ በስልክ «ደኅና ነኝ» ብለሽ ቶሎ ስለምትዘጊው ነው።

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እምዬን ሐኪም አይቷት ለዓይኗ ጠብታ ሰጥቷታል፤ እሷ ግን ለራሷ ከማድረግ ይልቅ ለጎረቤት ማዋስ ይቀናታል። ታናሻችን ማኅሌት ዘጠነኛ ክፍል ገብታ እዚህ ላሊበላ ከእኔ ጋር ናት። ጥድ አፋፍ የእነ አባባ ገብስ እንደ አምናው አልከዳንም፣ አጨዳው ተጀምሯል። ደኅና ነን ያልኩሽ እስከዚህ ድረስ ላለው ነው። ከዚህ በታች ያለውን ተቀምጠሽ አንብቢው።

ደብዳቤ ከጻፍኩልሽ ስንት ዘመኑ! ዛሬ እስክሪብቶ ያስጨበጠኝ ኢንተርኔቱ ነው፤ ከተዘጋ ስድስተኛ ሳምንቱን ይዟል። የሞባይሉ ጭራሽ የለም። የሆቴሎቹ መስመር አልፎ አልፎ ብቅ ቢልም አንድ ገጽ ሳይከፍት ይጠፋል። ወልድያ ድረስ ወርጄ ሞክሬ ባዶ እጄን ተመለስኩ። በስልክ ልነግርሽ ደግሞ ሁለት ጊዜ ደወልኩ። አንዱን ቀን እመቤትሽ አንሥታ በዐረብኛ ጮኸችብኝ። ሌላውን ቀን አንቺው አንሥተሽ ገና ሰላም ሳልልሽ «ሻንጣ ገዛሁ፣ ቀይ ነው፣ ጎማ አለው» አልሽኝ። ስለ ገብሱ አውርቼ ዘጋሁት። ስለዚህ ይህን ወረቀት ለእረፍት መጥታ ለነበረችው ለጎረቤታችን ልጅ ለብርቅዬ እሰጣታለሁ፤ ረቡዕ ትበራለች፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስትገናኙ ትሰጥሻለች።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልሽ። ብሎጉን አንቺ በላክሽልኝ ካሜራ ስጀምረው ጨዋታ ነበር፤ ታስታውሻለሽ። ሙሉ ዓመት ሦስት አንባቢ ብቻ ነበረኝ፦ አንቺ፣ እኔና «በሐምሌ ዝናብ አለ ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ አንድ የሆላንድ ሰው። ቀን ቱሪስት አስጎበኝና ስመለስ ስለ ቤተ ጊዮርጊስ እጽፋለሁ፤ ስለ ቤተ ጊዮርጊስ ያልጻፈ ፈረንጅ ግን የለም። ብዙ ቆይቶ ነው የገባኝ። እንግዳ ታሪኩን ከመጽሐፍ ያገኘዋል። ከእኔ የሚፈልገው ሚኒባሱ ከየት እንደሚነሣ፣ የት ቁንጫ እንዳለ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቁልፍ በማን እጅ እንደሆነና ሰውየው ቤቱ የት እንደሆነ ነው። እነዚህን መጻፍ ስጀምር አንባቢው መጣ። ሆቴሎች ማስታወቂያ ሰጡኝ። አንዳንድ እንግዳ ላሊበላ ሲደርስ የእኔን ስም ይዞ ይጠይቅ ጀመር። እኔም ልቤ አበጠ፣ አልዋሽሽም።

አምና ለኅዳር ሚካኤል ጥድ አፋፍ ወጣሁ። ድርሳነ ሚካኤሉን ታውቂዋለሽ፤ ልጅ ሆነን ሥዕሉን ለማየት እየተጋፋን አባባ በጭራ የሚያባርሩን መጽሐፍ። የሚቀመጥበት ሣጥን ሦስት ቁልፍ አለው፤ አንዱ በአባባ እጅ፣ አንዱ በመሪጌታ ተክለ ሚካኤል፣ አንዱ በአያ ሸጌ። ሦስቱ ካልተገናኙ አይከፈትም። በዓመት አንዴ በዋዜማው ይከፈታል። ቤተ ክርስቲያኑ ያለበት ዋሻ እርጥበት ስላለው መጽሐፉ ሦስት ቀን በአባባ ቤት ይሰነብታል፤ ቀን ቀን እየተገለጠ ነፋስ ይገባዋል። አባባን ደጃፍ ላይ መጽሐፉን እንደ ታቀፉ ፎቶ አነሣኋቸው። አልከለከሉኝም። ልጃቸው ነኛ! ለአንቺ የምልከው መስሏቸው ጋቢያቸውን እንኳ አስተካከሉ።

ከዚያ ሁሉንም ጻፍኩት። ከፍላቂት መንገድ የት እንደሚወረድ፣ ሁለት ሰዓት በእግር እንደሚያስሄድ፣ ሦስቱ ቁልፎች በማን በማን እጅ እንዳሉ፣ መጽሐፉ የትኞቹን ቀናት በማን ቤት እንደሚያድር። በራችን በእንጨት መወርወሪያ ብቻ እንደሚዘጋ ሳይቀር ጽፌያለሁ፤ ሌባ የማያውቅ አገር ነው ብዬ ለማመስገን። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው። ጽሑፉን ውጭ አገር ያለ አንድ ትልቅ ገጽ ተቀባበለውና በሳምንት ውስጥ የሦስት ዓመት አንባቢዬን የሚያህል ሰው አነበበው። አንቺም እሁዱን ደውለሽ «አባባ ዓለም አወቃቸው» ብለሽ እልል አልሽ።

በነሐሴ የነገርኩሽ የአዲስ አበባው አስጎብኚ ድርጅት የመጣው በዚሁ ጽሑፍ ነው። ወር በወር ደመወዝ ሊከፍሉኝ፣ እኔም ሌላ ሥራ ትቼ በየገጠሩ ስላሉ አብያተ ክርስቲያናት ልጽፍላቸው ተስማማን። ያን ቀን ነው «በቃ፣ የማኅሌትን ትምህርትና የእነ እምዬን ቤት እኔ እይዛለሁ፣ አንቺ ለገና አገርሽ ግቢ» ያልኩሽ። ሰባት ዓመት ሙሉ እኛን ተሸክመሽ እኔ በተራዬ ላወርድልሽ በመቻሌ እንደ ሕፃን ነበር ያለቀስኩት። ውሉን የምፈርመው ኅዳር ሃያ ነው።

አሁን ወደ ክፉው ልምጣ። በጥቅምት አጋማሽ ሹፌሩ አብዱልሀሚድ መናኸሪያው አጠገብ አስቆመኝ። «ወላሂ ቃለሕይወት፣ የአባትህን ፊት ወረቀት ላይ ሳየው ደነገጥኩ» አለኝ። ሁለት ሰዎች ከፍላቂት አሳፍሮ መገንጠያው ላይ አውርዷቸው ኖሯል። የእኔን ጽሑፍ አትመው ይዘዋል። ጥድ አፋፍ ደርሰው አባባን መጽሐፉን ያሳዩን አሏቸው። አባባም ቁልፉ የሦስት ሰው ነው፣ አይሆንም አሉ። ይኼኔ አንደኛው ሳቅ ብሎ «ለኅዳር ሚካኤል ግን በእርስዎ ቤት ያድር የለም ወይ?» አላቸው። አባባ ማን እንደነገራቸው ጠየቁ። ሰውየው ወረቀቱን ዘርግቶ ጋቢያቸውን አስተካክለው የተነሡትን ፎቶ አሳያቸው።

ሰዎቹ ሌባ ይሁኑ አገር ጎብኚ አላውቅም። ሄዱ፣ አልተመለሱም። ወሬው ግን ደብሩን አዳረሰ። መሪጌታ ተክለ ሚካኤል ጉባኤ ጠርተው፣ ለበዓሉ ሚሊሻ በር ላይ እንዲቆም ተወሰነ። ሁለተኛው ውሳኔ በአባባ ላይ ነበር፦ ልጃቸው የጻፈው ከዋዜማው በፊት ካልተነሣ ቁልፉን ለሌላ ያስረክቡ። ያን ቁልፍ ከአያታችን የተቀበሉት ናቸው፣ እታለም። እርሻ ሲሄዱ እንኳ ከአንገታቸው አያወልቁትም።

አባባ ላሊበላ ድረስ መጡ። እኔ በምሠራበት ሆቴል በር ላይ ቆመው፣ ይግቡ ቢሏቸው እንቢ ብለው ጠበቁኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ በተሻለኝ። «ልጄ፣ እኔ ፊደል ያስቆጠርኩህ የቤታችንን ደጅ እንድትከፍትበት ነው?» አሉኝ። ከዚያ «አንሣው» አሉ። እሺ አልኩ።

ኢንተርኔቱ ሰሞኑን ይከፈታል በሚል አንድ ሳምንት አለፈ። አባባ ከፍላቂት ገበያ ደውለው አነሣኸው ወይ አሉኝ። እኔም አንሥቼዋለሁ አልኳቸው። ዋሸሁ፣ ሰብልዬ። ሁሉንም በኢንተርኔቱ አላላክክም፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሆንብኛል። ቁርጥ ውሳኔ ያሳጣኝ ውሉ ነው። የድርጅቱን ሥራ አስኪያጅ ደውዬ ያ ጽሑፍ ቢነሣስ ብዬ ጠይቄው ነበር። «ወንድሜ፣ ያለ እሱማ ከሌላው አስጎብኚ በምን ትለያለህ?» አለኝ። ስለዚህ መጀመሪያ ልፈርም፣ ሰብሌ ትግባ፣ ከዚያ አነሣዋለሁ አልኩ። ደግሞስ በላስታ ማን ከፍቶ ያየዋል? አገሩ ሁሉ ጨለማ ነው። እንዲህ እያልኩ ራሴን ሳታልል ከረምኩ።

ትናንት እሁድ ማኅሌት ስንቅ ልታመጣ ከሄደችበት ከጥድ አፋፍ ተመለሰች። ከቅዳሴ በኋላ አባባ በሕዝቡ ፊት ተነሥተው መስቀላቸውን ይዘው «ልጄ አንሥቶታል፤ ውሸት ከሆነ ሚካኤል ደጁን ይከልክለኝ» አሉ ብላ በኩራት ነገረችኝ። ሕዝቡም ይባርክልዎ ብሎ ተበተነ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔ ግን እያደር ከብዶ ይኸው በአባባ ጫንቃ ላይ ወጣ። አባባን አውቃቸዋለሁ። ነገ ቢደርሱበት ማንም ሳይከለክላቸው ራሳቸው ደጀ ሰላሙን ይተዉታል።

እንግዲህ የምለምንሽን ሳታውቂው አልቀረሽም። ጽሑፉ እዚያ እናንተ ዘንድ ወለል ብሎ ይታያል፤ የማይታየው ለእኔ ለጸሐፊው ብቻ ነው። አንሺልኝ። ዋዜማው የፊታችን እሁድ ነው፤ ሦስቱ ቁልፎች የሚገናኙት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በእናንተ ስምንት ሰዓት መሆኑ ነው። ብርቅዬ ደብዳቤውን እንደሰጠችሽ እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተቀምጠሽ በስልክሽ ወደ ብሎጉ ግቢ። የአባባ ፎቶ ያለበትን ስታገኚ ከጎኑ ትንሽ የቅርጫት ምልክት አለች፣ እሷን ተጫኚ። እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ይጠይቅሻል። እሱን ጥያቄ ነው እኔ ስሸሸው የከረምኩት።

እሱን ስትጫኚ ውሉም አብሮ ይሄዳል። ለገናም አትገቢም። ለሁለት ዓመት ይሁን ለሦስት አላውቅም፤ ከጥቅምት ወዲህ አንድ ቱሪስት አላስጎበኘሁም፣ ሆቴሎቹም ሠራተኛ እየቀነሱ ነው። የእኔን ጥፋት በአንቺ ወገብ ላይ እየጫንኩ መሆኔን አጥቼው አይደለም። ሌላ መንገድ ባገኝ ይህን ወረቀት ቀድጄ እጥለው ነበር። ከበዓሉ ማግስት ለአባባ መዋሸቴን በአፌ እነግራቸዋለሁ፤ የሚሉኝን ይበሉኝ። ብሎጉን አልተወውም። ቁልፍ የሚይዝ ሰው ስምና ቤት ሳላነሣ ምን ልጽፍ እንደምችል ደግሞ ከሀ እጀምራለሁ።

ቅዳሜ ወደ ጥድ አፋፍ እወጣለሁ። እዚያ ስልክ አይሠራም፣ ብትደውዪም አታገኚኝም። ሣጥኑ ሲከፈት ጽሑፉን አንሥተሽው ይሁን አይሁን ሳላውቅ ከአባባ ጎን እቆማለሁ። አንቺን ግን አውቅሻለሁ።

እምዬ በያለሽበት ትከተልሽ ብላ ለእመቤታችን አደራ ሰጥታሻለች፤ የላክሽላትን ሹራብ ለክብር ቀን ብላ እስካሁን አልለበሰችውም። ማኅሌት እግርሽን ስማ ቀይ ሻንጣው የእሷ እንደሚሆን ቃል እንድትገቢላት ለምናለች፤ ምንም አልነገርኳትም። አያ ሸጌ ሰላም ብለውሻል። አባባ ለሚካኤል ጥላ ተስለዋል፤ አንቺ በገባሽ ዓመት ራስሽ ይዘሽው እንድትሄጂ። ጥላው ተገዝቶ ከአልጋቸው ራስጌ ተሰቅሏል። ብርቅዬን ስላደረሰችልን አመስግኝልን፤ አብረውሽ ለሚያስቀድሱት እኅቶችሽም ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

የይለፍ ቃሉን መጨረሻ ላይ ያደረግኩት ሁሉንም ሳታነቢ እንዳትከፍቺው ብዬ ነው። የክርስትና ስምሽ ነው፤ ወለተ ሐና፣ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ሳይለያይ፤ ከሥሩ የሄድሽበት ዓመት፣ 2002። ከጀመርኩ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ቀይሬው አላውቅም። ስትገቢ እቀይረዋለሁ ብዬ ነበር።

ወንድምሽ ቃለሕይወት ምስጋኑ
ላሊበላ፣ ሰኞ ኅዳር 5 ቀን 2009 ዓ.ም.