ገመዱ አልተበጠሰም

ውድ ወንድሜ፣

ቅዳሜ መጥተህ ልትወስደኝ መሆኑን ልጄ ነገረችኝ። "ነፍሴን ያተረፈ ሰው ፎቅ ላይ ተቆልፎበት አይሞትም" ብለሃል አሉ። ከመምጣትህ በፊት መስማት ያለብህ ነገር አለ። በስልክ እንዳልነግርህ ስልኩ የልጄ ነው፤ ሳወራም ከአጠገቤ አትጠፋም። ስለዚህ ታች ቤት ያለችውን ልብስ ሰፊ ጻፊልኝ አልኳት። ፊደል እንዳልቆጠርኩ ታውቃለህ። አላፈርኩበትም፤ የለጠፍኩት ጎማ ተመልሶ ሲተነፍስ ያየ ሰው ካለ ይምጣና ይናገር።

ያለሁት አራተኛ ፎቅ ነው። አሳንሰሩ ከተበላሸ ዓመት አለፈው። ባለፈው ብቻዬን ልውረድ ብዬ ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ፤ ሁለት ጎረምሶች እንደ ቁም ሣጥን ተሸክመው መለሱኝ። ከዚያ ወዲህ ልጄ ሥራ ስትሄድ ከውጭ ትቆልፍብኛለች። ክፋት የላትም፣ ፈርታ ነው። ልብስ ሰፊዋ ምሳ እንድታስገባልኝ ሌላ ቁልፍ ይዛለች፤ ቁልፍ ግን ጉልበት አይሆንም። መስኮቱ የሚያሳየኝ የጎረቤት ግድግዳ ነው። ስንጥቁን ሁሉ በቃሌ ይዤዋለሁ። ያንተ ቤት ምድር ላይ ነው፣ በሩም ወደ ሐይቁ ይከፈታል። እዚያ በር ላይ መቀመጥ ምን ያህል እንደምፈልግ ለማንም አልተናገርኩም፤ ልመና አልወድም።

አሁን ወደ ነገሬ።

ያን ቀን ሐይቁ ላይ የሆነውን አትረሳውም። ከጭነት መኪና ከመነዳሪ፣ ከውስጥ ጎማው፣ የሠራኋቸው ሁለት ተንሳፋፊዎች፣ በየመሐላቸው የሸራ መቀመጫ፣ እግራችን ላይ እንደ ዳክዬ እግር የተዘረጋ የላስቲክ ጫማ። "ጎሚስታዎቹ መለጠፍ ሲሰለቻቸው ተሳፈሩበት" እያሉ ይስቁብን ነበር። ነፋስ እንዳይለያየን ሁለቱን በአሥር ክንድ ገመድ ያያያዝኳቸው እኔ ነኝ። አንተ መንጠቆ ላይ በዶሮ ላባና በክር የሠራሃትን ዝንብ የውኃው ሣር ጫፍ ላይ ጣል አደረግካት፤ አንድ ትልቅ ዓሣ ውኃውን ሰንጥቆ ወጣና ዋጣት። እንዲያ ያለ ዓሣ በእኔ መንጠቆ ተይዞ አያውቅም። ቀናሁብህ። እሱንም ጻፊው ብያታለሁ።

ዓሣው ክሩን ይዞ ሣሩ ውስጥ ገባ፣ አንተም ተከትለኸው ገባህ፣ እግሮችህ ተጠለፉ። ያኔ ነፋሱ ተነሣ። "ወንድምዓለም፣ ሳበኝ" አልክ። ሳብኩህ። በሳብኩህ ቁጥር እኔም ወደዚያው ወደ ሣሩ እጎተታለሁ። ማዕበሉ አገጬን መምታት ጀመረ። አንተ ጀርባህን ሰጥተኸኝ፣ ጎንበስ ብለህ እግርህን ስትፈታ፣ ክር የምቆርጥበትን ቢላ አወጣሁ። ገመዱ አልተበጠሰም። የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

ቀና ስትል "ተበጠሰ እንዴ?" አልከኝ።

"ተበጠሰ" አልኩህ።

ያ ተንሳፋፊ የሚሄደው ወደ ኋላ ነው፤ ተቀምጠህ በእግርህ ስትቀዝፍ ጀርባህ ይቀድማል። እናም እስከ ዳር ድረስ ፊቴ ወደ አንተ እንደ ዞረ ነው ጥዬህ የሄድኩት። እያነስክ፣ እያነስክ ስትሄድ አየሁህ። አንተ እጅህን ታወዛውዝልኝ ነበር፤ ሂድ፣ ሰው ጥራ ማለትህ ነው። ከዳር አንድ ባለጀልባ ይዤ ስመለስ መጀመሪያ የያዝኩት እጅህን አልነበረም። ከተንሳፋፊህ ላይ የቀረውን ገመድ ፈትቼ ውኃ ውስጥ ለቀቅኩት፣ ጫፉን እንዳታየው። አንተ አንገቴን አቅፈህ አለቀስክ።

ይኸው ሠላሳ ዓመት፣ በየሰርጉ ብርጭቆ እያነሣህ "ይሄ ሰውዬ ባይኖር" ትላለህ። አንገቴን እደፋለሁ። ሰው ትሕትና ይመስለዋል።

እዚህ ላይ ልብስ ሰፊዋ ብዕሯን አስቀመጠች።

"ጋሼ፣ እዚያ ከገቡ በኋላ ቢነግሯቸውስ?"

"እዚያ ከገባሁማ አልነግረውም። ራሴን አውቀዋለሁ።"

"ሰምተው ቢቀሩስ?"

"አንቺ ጻፊ" አልኳት።

እንግዲህ የእኔ ውለታ የለብህም። ይቅር በለኝ የሚለውን ቃል ለማስጻፍ ሁለት ጊዜ አስጀምሬያት ሁለት ጊዜ አስቁሜያታለሁ፤ አሁን ጽፋዋለች። ቅዳሜ ከመጣህ ወንድሜን ብለህ ና፣ ያዳነኝን ሰው ብለህ አትምጣ። ከቀረህ ደግሞ ለልጄ እውነቱን አትንገራት፤ ደረጃው ከበደኝ በላት፣ ታምንሃለች። ልብሴን አላሰናዳሁም። መምጣትህን በዓይኔ ሳላይ አላሰናዳም።

ታላቅ ወንድምህ

ሌላ ሰው ያስጻፈው ነው እንዳትል፣ ከዚህ በታች አውራ ጣቴን አትሜበታለሁ።