ዘግይታ ስላጨበጨበችው ዳሲቱ

ለተከበሩ ጓድ የቀበሌያችን ወጣቶች ማኅበር ሊቀመንበር፤
አቃቂ

ጤናዎ ይብዛ፤ ጉሮሮዎንም ከጉንፋን ይጠብቅልን፤ የእርስዎ ድምፅ የተዘጋ ዕለት እኛ ምን ስንሰማ እንደምንውል አላውቅምና። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ የለጠፍኩት ጽሕፈት ቤትዎ ደጋግሜ ብመላለስ ዘወትር ስብሰባ ላይ ነዎት ስለተባልኩ ነው።

የልጅ ልጄ ዳሲቱ በሕፃንነቷ ከጭንቅላቷ ውስጥ እጢ በቀዶ ሕክምና እንደወጣላት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከሞት ተርፋለች፤ ነገር ግን የሰው ንግግር ዘግይቶ ይገባታል፤ ቀልድም የሚያስቃት ሌላው ስቆ ከጨረሰ በኋላ ነው። ሐኪሟ የቀራት መድኃኒት ከእኩዮቿ ጋር መዋል ነው ስላለኝ ወደ ማኅበርዎ ላክኋት። ባለፈው እሑድ ንግግርዎን ሲጨርሱ አዳራሹ አጨብጭቦ ጸጥ ካለ በኋላ እሷ ብቻዋን አጨበጨበች፤ እርስዎም በአብዮቱ ላይ አፌዘች ብለው አባረሯት። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሐኪሞቹ ጭንቅላቷን ከፍተው ያላገኙትን ሴራ እርስዎ ከመድረክ ሆነው ስላገኙት አመሰግናለሁ። እኔ በባቡር ጣቢያ ዘበኝነት ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ዘግይቶ የገባ ባቡር አፌዘብን ተብሎ ሲባረር ግን አላየሁም።

ሁለተኛ፣ ከሰው ጋር መኖር እስክትማር ድረስ ቤቷ እንድትቀመጥ ስለወሰኑላት አመሰግናለሁ። ፊደልን ያለ አስተማሪ ለብቻዬ ተምሬአለሁ፤ ሰላምታን ለብቻው የተማረ ሰው ግን አላውቅም። ከግድግዳው ጋር ሞክራ ነበር፤ ግድግዳው እንደ እርስዎ ነው፣ አይሰማም።

ሦስተኛ፣ መረብ ኳስ እያጫወተች ተራ መጠበቅንና የሰው ዓይን እያዩ መናገርን ታለማምዳት የነበረችውን የማኅበርዎን አባል ያለምወርቅን ስለገሠጹልን አመሰግናለሁ። ልክ ነዎት፤ ያለ ስብሰባ ውሳኔ ኳስ ለሌላ ሰው ማቀበል አደገኛ ልማድ ነው።

ልመናዬ አንድ ነው፤ ዳሲቱ የፊታችን እሑድ ወደ ቦታዋ ትመለስ። ካልፈቀዱም እጇን ይዤ እገባለሁ፤ ለመፍራት ዕድሜዬ አልፏል።

በሁለት ጭብጨባ መካከል የሚያስቡበት ጊዜ እንዲያገኙ ከልብ እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎ ከፍታ የማያንስ አክብሮቴን አቀርባለሁ።

ሰቦቃ ጉተማ
የዳሲቱ አያት

ሳልረሳው፦ የማኅበርዎ ልጆች ከእንግዲህ ዳሲቱን ጠብቀው አብረዋት ሊያጨበጭቡ ተስማምተዋል፤ ሐሳቡ የማን ነው ብለው አይድከሙ፣ የእኔ ነው። እሑድ ንግግርዎን ጨርሰው አዳራሹ ጸጥ ቢል አይደንግጡ። እሷ የተባለው ነገር ሳይገባት አታጨበጭብምና፣ እባክዎ የሚገባ ነገር ይዘው ይምጡ።