ስልሳ ቀን ለሁላችንም

ለተከበሩ አቶ ዴል ኦስትቢ፣
የአውራጃችን የማለዳ ስልክ አገልግሎት የፕሮግራም ገምጋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ በጋውን የሚያሳልፉበት የሐይቅ ዳር ቤትዎም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ፕሮግራም መጻፍን ሽፋኑ ከተገነጠለ መጽሐፍና ሰው ከጣላቸው ወረቀቶች የለቃቀምኩ፣ በስብሰባም እምብዛም የማልናገር ሴት ነኝና በከተማችን ጋዜጣ ላይ ስለጻፍኩልዎ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ እንደሚያውቁት ፕሮግራማችን ብቻቸውን ለሚኖሩ ሰዎች በየማለዳው ይደውላል፤ ሁለት ቀን ስልክ ያላነሳ ካለ ለጎረቤት ያሳውቃል። ይህ «ሁለት» የሰፈረው ክላስ ከምንላቸው የፕሮግራሙ ክፍሎች በዋናዋ፣ ሌሎቹ ደንብ በሚወርሷት በእናቲቱ ክላስ ውስጥ፣ የክላስ ተለዋዋጭ በሚባል የቁጥር ማስቀመጫ ነው። በግንቦት ወር ኮሚቴዎ በጋውን ሐይቅ ዳር ስለሚያሳልፉ ከከተማ ቤታቸው ለማይገኙ ሰዎች ከእሷ የምትወርስ ልጅ ክላስ ጨመረና ቁጥሩን ስልሳ አደረገው። ልጅቱ የራሷን ቁጥር የጻፈች መስሏችሁ ነበር። የክላስ ተለዋዋጭ ግን እናትም ልጆችም የሚጽፉበት አንድ ሰሌዳ ነው፤ አንዷ አጥፍታ ስትጽፍ የሁሉም ይለወጣል። ከዚያ ቀን ወዲህ በአውራጃችን ስልሳ ቀን ያልሞላው ሰው ጠፋ አይባልም። ስለ ትዕግሥታችሁ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ይህንን በጽሑፍ ባሳውቅ ቁጥሩን ሚክሲን ወደሚባለው፣ ብዙ ክላሶች ከራሳቸው ጋር ወደሚቀላቅሉት የጋራ ቁራጭ አዛወራችሁት። እዚያም የክላስ ተለዋዋጭ ለሚቀላቅሉት ሁሉ ያው አንድ ነው፤ ሰሌዳውን ከኩሽና ወደ ሳሎን ወሰዳችሁት እንጂ ሌላ ሰሌዳ አልሰቀላችሁም። አምስት አባላት በአራት ደቂቃ ውስጥ «ጥሩ ይመስለኛል» ብለው አጸደቁት። እኔ ፋይሉን ፈልጌ እስካገኘው እንኳ ከዚያ በላይ ይፈጅብኛልና ፍጥነታችሁን አደንቃለሁ።

የሰማንያ አንድ ዓመቷ ወይዘሮ ሎሬይን ስኮግሞ በሰኔ፣ አንድ ሰኞ ቀን ኩሽናዋ ውስጥ ወደቀች። ሐሙስ ዕለት ያገኛት ፖስታ አዳዩ ነው፤ የደብዳቤ ሳጥኗ ሞልቶበት። ዳሌዋ ተሰብሯል። ሆስፒታል ሄጄ አጠገቧ ስቀመጥ ስቃ እንዲህ አለችኝ፦ «ስልኩ ሲጮህ እሰማው ነበር፣ የኔ ልጅ። ካላነሳሁ ሰው ይመጣል ብዬ ፀጉሬን በእጄ አበጣጠርኩ። እንዲያ ተንጨባርሬ ያግኙኝ እንዴ?»

የኮሚቴዎ ቃለ ጉባኤ «ፕሮግራሙ እንደታዘዘው ሠርቷል» ይላል። እውነት ነው፤ ስለ እውነተኛነታችሁም ላመሰግን ይገባል።

ሦስተኛውና የመጨረሻው፣ እያንዳንዷ ክላስ የራሷን ቁጥር ለብቻዋ እንድትይዝ የሚያደርግ ዘጠኝ መስመር ጽፌ አቅርቤ ነበር። አንድ ጊዜ የመስመሮቹ ጠርዝ እኩል አይደለም ተብሎ ተመለሰልኝ፤ አስተካክዬ ከላክሁት አርባ አንድ ቀን ሆነው። ስልሳ ስላልሞላው ጠፋ ለማለት አልደፍርም። ሎሬይን በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ቤቷ፣ ወደ ብቸኝነቷ ትመለሳለች። ከዚያ በፊት አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ከፍቶ እንዲያነበው እለምናለሁ።

የኮሚቴዎን ዕረፍት በመድፈሬ እያፈርኩ፣ ከማይለወጥ አክብሮት ጋር፣
ማርጊት ኤንግብሎም

ማስታወሻ፦ ምናልባት የተሳሳትኩ እኔ እንደሆንኩ ለማጣራት የራሴን ስም ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቼ ስልክ ማንሳት ተውኩ። ዛሬ አሥራ ዘጠነኛ ቀኔ ነው፤ ፕሮግራሙ «ደህና ናት» ይላል። እሱን ግን አልወቅሰውም። በአሥራ ዘጠኙ ቀን ከእሱ በቀር የደወለልኝ የለም።